የማጀት ትምህርት፤ ስለ ቲማቲም ስልስ አሠራርና አጠባበቅ

ማጀት የቤት ልብ ነው። በእንግዳ ክፍል ያለው ዕቃ ለዓይን ይቀመጣል፤ በማጀት የሚሠራው ግን የቤተ ሰቡ ሥጋና ደም ይሆናል። ስለዚህ በማጀት የሚሠራ ማናቸውም ነገር ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ የልጆች ነገር ይመስላል፤ ይኸውም በፒዛ ላይ የሚቀባውን የቲማቲም ስልስ ከትኩስ ቲማቲም በቤት ውስጥ ስለ መሥራት ነው። ነገር ግን እኔ ራሴ በዚሁ በትንሹ ነገር ተሳስቼ ቤተ ሰቤን ከአደጋ ደጃፍ አድርሼ ስለ ነበር፥ የተማርኩትን ለአንባቢዎቼ ሳላካፍል ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል።

የምንኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ነው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት የ12 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ «አባዬ፥ የክፍል ጓደኞቼ የጾም ፒዛ ይዘው መጡ፤ እኔ ግን ዛሬም የያዝኩት ሽሮ ነው» አለችኝ። እኔም እንደ መምህርነቴ ወዲያው ትምህርት ጀመርኩ። ጾም የምግብ ዓይነት መምረጫ እንዳልሆነ፥ የቀደሙት ሰዎች በቆሎና በሽንብራ ቆሎ እንዴት ይጾሙ እንደ ነበር እየዘረዘርኩ ስነግራት ባለቤቴ ከማጀት ሆና ሰማችና፥ «ልጅቱ የጠየቀችው እኮ ጾም ልግደፍ ብላ አይደለም፤ በቂጣ ላይ ቲማቲም ይቀባልኝ ነው ያለችው። ይህስ ከስልስ በምን ይለያል?» አለች። ንግግሬ እዚያው ላይ ቆመ፤ መልስ አልነበረኝምና።

በእርግጥም በምን ይለያል? በአዲስ አበባ የሚኖር ክርስቲያን ሁሉ ስልስን ያውቃል። በጾም ቀን ጠዋት ከቁርስ ቤቱ ደጃፍ የሚሸተው፥ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት በርበሬ ገባ ብሎበት በዳቦ የሚበላው እርሱ ነው። ቃሉ የተገኘው ከጣልያን ቋንቋ ነው፤ እነርሱ «ሳልሳ» የሚሉትን እኛ በአፋችን ልክ አሳጥረን «ስልስ» አልነው። በፓስታ ላይ የሚፈሰውን «ስጎ» ያልነውም ከዚያው ቋንቋ ወስደን ነው። የጠላት ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲያልፍ መርካቶና ፒያሳ የተባሉት ስሞች በከተማይቱ ላይ እንደ ቀሩ ሁሉ፥ በማጀታችንም እነዚህን የመሰሉ ቃላት ቀርተዋል። ሕዝባችን ግን ቃሉን ብቻ ተቀብሎ አልተቀመጠም። በርበሬውን ጨመረበት፤ ሥጋና ቅቤ የሌለበት ስለ ሆነም የጾም ምግብ አደረገው። ዛሬ ስልስ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የእኛ ነው ለማለት የሚያሳፍር ነገር የለም።

ቲማቲም ራሱ ለጣልያኖችም ቢሆን የአባቶቻቸው ርስት አልነበረም። መገኛው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ አውሮፓ የገባው ስፔኖች ያን ምድር ከያዙ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው። ብዙ ሰዎችም ፍሬውን ለረጅም ጊዜ መርዝ ይሆናል ብለው እየፈሩ በአትክልት ቦታ ለጌጥ ብቻ ይተክሉት ነበር። በናፖሊ ከተማ ይሠራ የነበረው አንቶኒዮ ላቲኒ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባሳተመው የወጥ ቤት መጽሐፍ የቲማቲም ስልስን አሠራር ሲጽፍ፥ የሰጠው ስም «በስፔን ሥርዓት የተሠራ» የሚል ነበር። እንግዲህ ጣልያኖችም እንደ እኛው ከሌላ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት ማለት ነው። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የሰው ልጅ ቅርስ ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ሙያ ሥር የሚሰድደው ከየትም ይምጣ ከየት በትዕግሥት ለያዘው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። የልጄን ልመና ከተቀበልኩ በኋላ ነገሩን በታላቅ ዕቅድ ልሠራው አሰብኩ። ጊዜው የበጋ መጨረሻ ስለ ነበር ከስምጥ ሸለቆ፥ ከመቂና ከዝዋይ በኩል በመስኖ የሚመረተው ቲማቲም በብዛት ገብቶ ዋጋው ረክሶ ነበር። በፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ ለእኛ ለምዕራቡ ክፍል ነዋሪዎች የጅምላ ገበያው ርቆናል፤ ብዙውን ጊዜ የምንሸምተው ከሰፈር ጉሊት ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን ሩቅ ሄጄ አንድ ሙሉ ሣጥን ገዝቼ መጣሁ። አሳቤም በአንድ ቀን ብዙ ሠርቼ፥ በጠርሙስ ሞልቼ፥ የዓመቱን ጾም ሁሉ በርካሽ ለማሳለፍ ነበር።

ባለቤቴ፥ «ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይደርስም» ብትለኝም አልሰማኋትም። በሁለት ትልልቅ ድስት ከድኜ ቀቀልኩ፤ ሳይወፍር አወጣሁት፤ ከነሽንኩርቱና ከነነጭ ሽንኩርቱ በ8 ባዶ የማር ጠርሙስ ሞላሁት። አየር እንዳይገባበት ብዬም በላዩ ላይ ዘይት አፈሰስኩ። ከዚያ በኋላ በቁም ሣጥን ውስጥ እንደ መጻሕፍት ደርድሬ፥ በሠራሁት ነገር ተደስቼ ተኛሁ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ በማግሥቱ ከፍተን ፒዛ ሠራንበት። ስልሱ ቀጭን ስለ ነበር ሊጡ ውሃውን ጠጥቶ መካከሉ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ልጄ ግን ደስታዬን ላለመንካት ብላ ዝም ብላ በላች።

ትንሣኤ ሆነ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾም ስለሌለ 7ቱን ጠርሙስ ያስታወሳቸው አልነበረም። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ልጄ አስታወሰችና አንዱን አውጥታ ክዳኑን ልትከፍት ያዘች። ክዳኑ ወደ ላይ አብጦ ነበር፤ ገና ሲላላ እንደ ለስላሳ መጠጥ እሽ ብሎ ተነፈሰ። እርስዋም ሳቀችና ዳቦ ቆርሳ ልትነክር ስትል፥ በዚያን ሰዓት ቡና ልትጠጣ የመጣች አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን እጅዋን ያዘቻት። «ልጄ፥ ተዪ! የተዘጋ ዕቃ ራሱ ከተነፈሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ» አለቻት። እኔም ቀርቤ ባሸትተው መጥፎ ሽታ አላገኘሁበትም። «እማማ፥ ምንም አልሆነም እኮ፤ ዘይትም አለበት» አልኳቸው። እርሳቸው ግን፥ «አፍንጫህ ሁሉን ያውቃል ወይ ልጄ? ሳታጣራ ለልጅ አትስጥ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ጠርሙሱንም ለጊዜው ዘግቼ ከልጆች እጅ አራቅኩት።

በማግሥቱ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን አግኝቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እርስዋም በጥሞና ካዳመጠችኝ በኋላ፥ «መምህር፥ የቀመሰው ሰው አለ?» ብላ በመጀመሪያ ጠየቀችኝ። ማንም እንዳልቀመሰ ስነግራት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቀጥላም እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «በአፈር ውስጥ የሚኖር ቦቱሊነም የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ አለ። ዘሩ ከአትክልት ጋር ወደ ቤት ይገባል፤ በፈላ ውሃም አይሞትም። አየር በሌለበት፥ ኮምጣጣነቱ ባነሰና ሙቀት ባለው ቦታ ሲቀመጥ ይነቃና መርዝ ያወጣል። መርዙ ሽታና ጣዕም ላይኖረው ይችላል፤ ነርቭን ይይዛል፤ እስትንፋስን እስከ መከልከልም ያደርሳል። ያበጠ ክዳን ሁሉ የእርሱ ምልክት ነው አልልዎትም፤ ሌላም የሚያብላላ ነገር ይኖራል። ነገር ግን ይህን ከዚያ በዓይንና በአፍንጫ መለየት የሚችል ሰው የለም።»

«ዘይቱስ?» አልኳት። «ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ ተሐዋሲውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው» አለችኝ። «ቲማቲም እኮ ኮምጣጣ ነው» ብላትም፥ «ነው፤ ግን በወሰን ላይ ነው» ብላ መለሰች። የኮምጣጣነት ልክ ፒኤች በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ተሐዋሲው እንዳይነቃ የሚከለክለው ወሰን 4.6 ነው። ቲማቲም እንደ ዘሩና እንደ ብስለቱ ከዚህ ቁጥር በታችም በላይም ይገኛል። ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲጨመሩበት ደግሞ ኮምጣጣነቱ እየላላ ይሄዳል። አንዳንድ ሰዎች ምጥነቱን ለማብረድ የሚጨምሩት ሶዳም ይህንኑ ጥበቃ ያፈርሳል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። «መምህር፥ ውሃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ይህንን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምራለሁ! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በእኛ ዘንድ ገና በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ይህን ያህል ደቂቃ ቀቅሉ» ሲል፥ ያ ልክ ለኮልፌ አይበቃም። በክፍል ውስጥ የማውቀውን በማጀት ውስጥ ረስቼው ነበር። ተማሪዬ አስተማሪዬ ሆነች፤ ይህም ለመምህር ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ወደ ቤት ተመልሼ 7ቱንም ጠርሙስ ከነክዳናቸው በከረጢት ጠቅልዬ፥ ልጅም ሆነ እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም እንኳ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ልጄ፥ «እንግዲያስ ፒዛ ቀረ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፥ «አልቀረም፤ ግን ከእንግዲህ በሣጥን ሳይሆን በኪሎ ነው» አልኳት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤታችን የሚሠራበትን ሥርዓት ከዚህ በታች እጽፋለሁ። መላው ጥበብ በአንድ ቃል የሚጠቃለል ነው፤ ውሃውን በትዕግሥት ማስወጣት። ከ100 እጅ የቲማቲም ክብደት 94 እጅ ያህሉ ውሃ ነውና፥ ስልስ መሥራት ማለት ቲማቲምን ከውሃው መለየት ማለት ነው።

አንደኛ፥ ስለ መምረጥ። ለአንድ ጊዜ ሥራ 2 ኪሎ ቲማቲም ይበቃል። ክብ ከሆነውና ውሃ ከሚበዛበት ይልቅ ሞላላውና ሥጋው የጠነከረው ይሻላል፤ በአገራችን ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ዘር ከዚህ ወገን ነው። የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከል ካወጣቸው ዘሮችም አንዱ መልካ ሳልሳ ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፥ ስሙ ራሱ ለምን ሥራ እንደ ታሰበ ይናገራል። በጉሊት ስትገዙ የዘሩን ስም መጠየቅ ባይቻልም መልኩን ማየት ይቻላል። እስከ እንጨቱ ሥር ድረስ የቀላ፥ በመዳፍ ሲያዝ የሚለሰልስ ነገር ግን ያልፈሰሰ ይሁን። በእንጨቱ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን ተዉት፤ ውስጡ ትል ሊኖርበት ይችላል። የሻገተውንም ጣሉ፤ ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም ቁጠባ አይደለም። ያልበሰለ ከሆነ በማቀዝቀዣ ሳታስገቡ በቅርጫት ከበሰለ ሙዝ ጋር አስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው አየር ያበስለዋል። ብርድ ግን ጣዕሙን ያጠፋል።

ሁለተኛ፥ ስለ መላጥ። ቲማቲሙን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በታችኛው ጫፉ ላይ በቢላዋ የመስቀል ምልክት ያህል ጫር አድርጉት። በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ከታችሁ አውጡና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት። ልጣጩ ከተጫረበት ላይ ይነሣል፤ በጣት ሲሳብም ይወልቃል። ከዚህ የሚያጥር መንገድ የሚፈልግ ደግሞ ቲማቲሙን ለሁለት ከፍሎ የተቆረጠውን ፊት በመፈቅፈቂያ ላይ ይሸው፤ ሥጋው ይወርዳል፥ ልጣጩ በእጅ ላይ ይቀራል። ለልጆች ይህ ሁለተኛው መንገድ ይቀላቸዋል፤ ጣታቸውን እንዳይፈቀፍቃቸው ብቻ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ ፍሬው። የላጣችሁትን ለሁለት ከፍላችሁ ፍሬውን በወንፊት ላይ ጨምቁት። በፍሬው ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ብዙ ጣዕም አለበትና አትድፉት፤ ፍሬው በወንፊቱ ይቅርና ፈሳሹን ለዕለቱ ሽሮ ወይም ለምስር ወጥ ጨምሩት። ጊዜ ያለው ሰው ወደ ድስቱ ቢመልሰውም ይችላል፤ ነገር ግን የመፍላቱ ጊዜ እንደሚረዝም ይወቅ። ሥጋውን በእጅ ወይም በሹካ ጨፍልቁት።

አራተኛ፥ ስለ ማብሰል። አፈ ሰፊ ድስት ምረጡ፤ ፊቱ በሰፋ መጠን እንፋሎቱ በቶሎ ይወጣል። የሸክላ ድስት ወይም የማይዝግ ብረት መልካም ነው። የአሉሚኒየም ድስት ከኮምጣጣ ነገር ጋር ስለማይስማማ ስልስ አታሳድሩበት። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁና በደቃቁ የተከተፈ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት በለሰለሰ እሳት አቁላሉ። ከዚያም 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳችሁ ጨምሩ፤ መዓዛው እንደ ወጣ፥ ሳይጠቁር፥ ቲማቲሙን ገልብጡበት። ነጭ ሽንኩርት ከጠቆረ ይመርራል፤ መራራነቱንም ምንም ነገር አይመልሰውም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ክዳኑን አትክደኑ! እኔ ያበላሸሁት በዚህ ነው፤ የተከደነ ድስት እንፋሎቱን መልሶ ያዘንበዋል። በመካከለኛ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፥ በእንጨት ማማሰያ እየዞራችሁ ይፍላ፤ በመጨረሻው ላይ ከድስቱ ሥር አትለዩ፤ ያርራልና።

አምስተኛ፥ መብሰሉን ስለ ማወቅ። ማማሰያውን በድስቱ ሥር ላይ ሳቡት። የተከፈተው መንገድ ወዲያው ከተዘጋ ገና ነው፤ መንገዱ ጥቂት ቆይቶ ከተዘጋ ደርሷል። ወይም አንድ ማንኪያ በሳሕን ላይ ጣል አድርጋችሁ ዙሪያውን እዩ፤ ውሃ ካልከበበው ተዘጋጅቷል። ከ2 ኪሎ ቲማቲም ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ወፍራም ስልስ ይገኛል። ምጥን ቢሆንባችሁ ሶዳ ሳይሆን የጣት ቁንጥር ስኳር ይበቃል።

ስድስተኛ፥ ስለ ቅመሙ። ፈረንጆች ባዚል የሚሉት ቅጠል የእኛው በሶብላ ዘመድ ነው። በኦሬጋኖ ፈንታም ከደጋው አገር የሚመጣው ጦስኝ ይሆናል። ሁለቱም በጉሊት ይገኛሉና ውድ ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም። ከእሳት ልታወርዱ 5 ደቂቃ ሲቀረው የደረቀውን በጣት አሽታችሁ ጨምሩ፤ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር እንዳይጠፋ ነው። ከአዋሽ ሸለቆ በመርቲ ስም የታወቀውን የቲማቲም ድልህ የለመደ ቤት ስልሱ አልወፍር ሲለው አንድ ማንኪያ ቢጨምር ነውር የለበትም። ቲማቲም በሚወደድበት በክረምት ይህ ብልሃት ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ወደ አጠባበቁ እንምጣ። በቤት የተሠራ ስልስ በቁም ሣጥን አይቀመጥም። ይህንን ቃል በቀይ ቀለም እንደ ተጻፈ ቁጠሩልኝ። ሎሚ ጨምሮ በጠርሙስ ማሸግ በሌላ አገር በተመረመረ ሥርዓት የሚሠራ ነገር ነው፤ የሎሚው ልክ፥ የመፍላቱ ጊዜ፥ የአገሩ ከፍታ ሁሉ ተሰፍሮ የተወሰነ ነው። በግምት የሚደረግ አይደለም። ለእኛ ቤት የሚበጀው እንዲህ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይሥራ። ማቀዝቀዣ ያለው ስልሱ እንፋሎቱ እንደ በረደ፥ ከሁለት ሰዓት ሳያሳልፍ፥ በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ከድኖ ያስገባ፤ እስከ 4 ቀን ድረስ ይጨርሰው። በረዶ የሚሠራ ክፍል ያለው ደግሞ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን እየከፈለ ቢያስቀምጥ ለወራት ይቆይለታል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ስልሱ ቀልጦ ከሞቀ ግን አይመለስም፤ ይጣላል። የሚጣለው የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ የሚተርፈው ሕይወት ነው።

ለፒዛው የሚሆን ምድጃ የለንም የሚሉ እናቶችና አባቶች ይኖራሉ። እኛም የለንም። የምንጋግረው እንጀራ በሚጋገርበት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት በእርሾ፥ በጨውና በለብታ ውሃ ታሽቶ ኩፍ ካለ በኋላ ከአምባሻ አሳንሶ መዳመጥ፤ ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ አኑሮ በአክንባሎ መክደን ነው። ሥሩ ሲጠነክር ይገለበጣል። አሁን ወደ ላይ በዞረው በበሰለው ፊት ላይ ስልሱ በስሱ ይቀባል፤ በላዩም በቀጭኑ የተቆረጠ ቃሪያ፥ ሽንኩርት፥ ወይም የተቀቀለ ድንች ይደረደራል፤ ተመልሶም ይከደናል። ስልሱ በሚገባ የወፈረ ከሆነ ሊጡ ይደርቃል፥ ጠርዙም ይንኮሻኮሻል። ሥጋ፥ እንቁላል፥ አይብ፥ ቅቤ የለበትም፤ ጾሙም አልተነካም፤ ልጅም አላኮረፈም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ልጄ ስለ ምሳ ዕቃዋ ባጉረመረመች ጊዜ የሰጠኋት መልስ ትምህርት ነበር፤ የሚያስፈልጋት ግን ሥራ ነበር። አሁን ረቡዕና ዓርብ ሊደርስ ሲል ቲማቲሙን የምትመርጠው፥ በመፈቅፈቂያ የምትሸውና ማማሰያውን የምትስበው እርስዋ ናት። ለአንድ ሰዓት ከድስት ሥር የቆመ ልጅ በጾም ቀን የሚበላው ነገር በስንት ድካም እንደሚገኝ ሳይነገረው ያውቃል። እኔ በቆሎና በሽንብራ ምሳሌ ላስረዳት የፈለግሁትን ማማሰያው አስረዳት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ማቀዝቀዣውን ስከፍት አንዲት ትንሽ የመስታወት ዕቃ አየሁ። በክዳንዋ ላይ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ተለጥፋ በልጄ ጽሕፈት ስልሱ የተሠራበት ቀንና የሚጣልበት ቀን ተጽፎባታል። ከሥሩም፥ «አባዬ፥ ሽታውን አትመን» የሚል ተጨምሯል። ወረቀቷን አንብቤ ዕቃዋን ወደ ቦታዋ መለስኩ፤ ስልሱም በማግሥቱ፥ ቀኑ ሳያልፍ፥ ለሁላችን ደረሰ።